ሙዚቃ ቤቶቹን ማን ዘጋቸው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከቃሊቲ ተነስታችሁ በአቃቂ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄዱ መንገዱ ዳር ሞባይል ቤት፣ ፋርማሲ፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ፣ ጁስ ቤት በሽ ነው። ሙዚቃ ቤት ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። በር ላይ ትልቅ ስፒከር ያወጣ፣ መስታወቱን በአዲስ አልበም ፖስተር የሸፈነ፣ ግድግዳውን በካሴት የሞላ ቤት ማለቴ ነው። "የት ገቡ?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚያጣ ሰው የለም። ችግሩ አብዛኛው መልስ ወይ ግማሽ እውነት ነው፣ ወይ ከሌላ አገር ዜና የተቀዳ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

"ስትሪሚንግ ነው የዘጋቸው"

ስትሪሚንግ ማለት ዘፈንን ሳይገዙና ሳያወርዱ በቀጥታ ከኢንተርኔት መስማት ነው። ይሄ መልስ ውጭ አገር እንኳ ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥሩ የነበረው ታወር ሪከርድስ ሱቆቹን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ታዋቂው የስትሪሚንግ መተግበሪያ ስፖቲፋይ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው፤ ያውም አውሮፓ ውስጥ። ታወርን የጣለው ዕዳ፣ ሲዲን ከሱ በርካሽ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች፣ እና ከ1999 ጀምሮ በናፕስተር የተለመደው ዘፈን በነፃ የመቀባበል ነገር ነው። የእንግሊዙ የሙዚቃ መደብር ኤች.ኤም.ቪ በ2013 ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ በ2018 መጨረሻ ደግሞ ደገመው። በተለይ በሁለተኛው ላይ ስትሪሚንግ እጁ አለበት ብንል አንሳሳትም።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ኦሪጅናል ሲዲ የሚይዘው ቢበዛ 80 ደቂቃ ዘፈን ነው፤ አንድ አልበም በቃ። ያንኑ ባለ 700 ሜጋባይት ሲዲ በኤምፒ3 ብትሞሉት ግን ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይይዛል። አሥራ ሁለት አልበም ማለት ነው። አዟሪው ይህን ይዞ ታክሲ ተራ ላይ ሲቆም፣ አንድ አልበም በመስታወት ውስጥ የሚሸጠው ሙዚቃ ቤት ምን ይበል? ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ለዘፋኙ አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ አለበት። አዟሪው አንዱም የለበትም።

ከዚያ ፍላሽ መጣ። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አምስት አምስት ደቂቃ የሚሆኑ 1,600 ያህል ዘፈኖችን ይውጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሞባይል ኢንተርኔት ለአብዛኛው ሰው ገና የሚቀመስ አልነበረም። ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ዳታ ዋጋን በ43 በመቶ የቀነሰው በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ሳፋሪኮም የገባው በ2015 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ሙዚቃ ቤት ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ከካሴቱ ጎን የስልክ ቀፎና ቻርጀር መደርደር ጀምሯል። ስትሪሚንግ የደረሰው ለቀብር ሳይሆን ለሰልስት ነው።

"ኧረ ፒያሳ ስትፈርስ ነው የጠፉት"

አይደለም። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ የፈረሰችው በ2016 ነው። ለትዝታ ብለው የቆዩትን ጥቂቶች ነካቸው እንጂ፣ የሙዚቃ ቤቶቹ ገበያ የተበላው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው።

"ሙዚቃ ቤት ማለት ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በ1940 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ማሳተምም ሆነ ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ይህን አጥር ደፍሮ የዘለለው አምሃ እሸቴ ነው። እሱም መጀመሪያ ሙዚቃ ቤት የነበረው ሰው ነው። ደንበኛ ምን እንደሚጠይቅ በየቀኑ በጆሮው ይሰማል። በ1961 ዓ.ም. የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ እስከ 1967 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት እዚህ አልነበረም። እዚህ ይቀረጻል፣ ቅጂው ወደ ውጭ ይላካል፣ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ይታተምና ተመልሶ ይመጣል። አሊ አብደላ ካይፋም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚያውቀው "አሊ ታንጎ" ብሎ ነው፤ ታንጎ የሙዚቃ ቤቱ ስም ነዋ! የማሕሙድ አህመድን ሥራዎች ካሳተሙት አንዱ እሱ ነው።

ሸክላ ሄዶ ካሴት ሲተካም አሠራሩ ያው ነው። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ናሆም የሚባሉትን ስሞች በካሴት ሽፋን ላይ ያላየ ጎልማሳ ያለ አይመስለኝም። ሙዚቃ ቤቱ ድምፃዊውን ያያል፣ ይሰማል፣ ያምንበታል። ከዚያ ገንዘብ ያወጣል። የግጥምና የዜማ ደራሲው ይከፈለዋል፣ አቀናባሪው ይከፈለዋል፣ ስቱዲዮው ይከፈለዋል፣ ፖስተሩ ይታተማል። አልበሙ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ይሯሯጣል። ክፍለ ሀገር ያሉ ነጋዴዎች በካርቶን ይወስዳሉ። ካልተሸጠ የሚከስረው ሙዚቃ ቤቱ ነው።

ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ የተዘጋው መደርደሪያ ብቻ አይደለም። ስሙ ላልታወቀ ልጅ ገንዘብ አውጥቶ "ሞክር" የሚል ሰው ነው የጠፋው። ዛሬ አዲስ ድምፃዊ አንድ ነጠላ ዜማ ለማውጣት ራሱ ይቆጥባል፣ ዘመድ ያስቸግራል፣ ስፖንሰር ያሳድዳል። ሙሉ አልበምማ አቅም ያለው ሰው ሥራ ሆኗል።

ይሄን ስል ያ ዘመን ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ የሚገዛው በአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር። አልበሙ አገር ካንቀጠቀጠ ትርፉ የሱቁ ነው፤ ዘፋኙ ቀሪውን ከመድረክና ከሰርግ ይፈልጋል። ባለ ሙዚቃ ቤቶቹን ጻድቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ በዚያ ዘመን የሠራ አንድ ሙዚቀኛ ጠይቁ።

"ዳር ከተማ ላይ ሙዚቃ የሚሸጥ የለም"

አለ። መልኩን ቀይሮ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰው ሲገባበት የካሴት ዘመን አልፏል፤ ስለዚህ እዚያ ሰፈር የተዘጋ ሙዚቃ ቤት የለም፤ መጀመሪያም አልተከፈተም። ያለው የሚጭነው ልጅ ነው።

ሱቁ አንድ ሰው ከነወንበሩ የማያዞር ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ "ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም እንጭናለን" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የተንጠለጠሉ ኢርፎኖች፣ ቻርጀሮች፣ ስክሪን ፕሮቴክተሮች። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ፍላሹን በመስኮት አቀበለው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞልቷል። ምን ላጥፋ?"

"ባለፈው የጫንክልኝን አጥፋው፤ እጅ እጅ ብሎኛል። መዝሙሩን ግን እንዳትነካ፤ የባለቤቴ ነው።"

"አዲስ የወጡትን ላድርግልህ?"

"አድርግ። የድሮ ጣል ጣል አድርግበት። ጉራግኛ በዛ ይበል፤ ሌሊት ነው የምነዳው፣ እንቅልፍ እንዳይዘኝ።"

ልጁ ፎልደሮቹን ይጎትታል፤ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ትግርኛ፣ የድሮ፣ የሰርግ፣ መዝሙር። አረንጓዴዋ መስመር ሞልታ እስክታልቅ ሹፌሩ ስለ ናፍጣ ሰልፍ ያወራል። ሂሳቡን በቴሌብር ላከ፤ ሄደ። አዲስ ምን እንደወጣ ማወቅ፣ የደንበኛን ጠባይ መያዝ፣ "ይሄን ስማው፣ ትወደዋለህ" ማለት፣ ይሄ ሁሉ የድሮው ሙዚቃ ቤት ሥራ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ክፍያ ውስጥ አምስት ሳንቲም ወደ ዘፋኙ አትሄድም።

"ሰዉ አሁን ሁሉን በኦንላይን ነው የሚሰማው"

ልጁ ዘፈኑን ከየት አመጣው? ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ነዋ። አንድ ሰው በዳታ ያወርዳል፣ መቶ ሰው በፍላሽ ይወስዳል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አንድ አምስት ደቂቃ ክሊፕ መካከለኛ ጥራት ላይ በትንሹ 20፣ ከበዛም 40 ሜጋባይት ይበላል። በድምፅ ብቻ ቢሆን አምስት ሜጋባይት አካባቢ ይበቃው ነበር፤ ግን ሰዉ የለመደው ዩቲዩብ ነው፣ እሱ ደግሞ ቪዲዮውንም አብሮ ያስከፍላችኋል። ቀኑን ሙሉ ዘፈን ከፍቶ ለሚውል ፀጉር ቤት ወይም ሹፌር ፍላሽ አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርኩ ሲቆራረጥም ፍላሹ አይቆራረጥም።

"ሚሊዮን ቪው ያለው ዘፋኝ ሚሊየነር ነው"

ቪው ሽያጭ አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ ያለበት አገር ላይ ይወሰናል። ዋሽንግተን የተቀመጠ አንድ ተመልካች የሚያስገባው አቃቂ ከተቀመጠው ጋር አይወዳደርም። ለዚህ ነው ዳያስፖራው የሚፈለገው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ቻናሉ የማን ነው የሚለው ነው። ክሊፑ የወጣው በሌላ ሰው ቻናል ከሆነ ዘፋኙ የሚያገኘው ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። ውል ከሌለ ደግሞ መልሱን ታውቁታላችሁ። ቪው በዋናነት የሚጠቅመው ለመድረክ ዋጋ ነው፤ የኮንሰርትና የሰርግ ጠሪ ቁጥሩን አይቶ ነው የሚደውለው።

"ሕግ ስለሌለን ነው"

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ለከዋኙም (እንደ ዘፋኙ ላለው)፣ ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚውም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የጎደለው በየቆርቆሮ ሱቁ እየዞረ የሚያስከብረው አካል ነው። እንደኔ እንደኔ የሚጭነውን ልጅ ማሳደዱም መፍትሔ አይመስለኝም። በጎኑ ሕጋዊ የሚሸጥ ነገር ቢቀርብለትና ከሽያጩ ኮሚሽን ቢያገኝ፣ ደንበኛውን ከሱ በላይ የሚያውቅ ሻጭ የለም።

"አበሻ ለዘፈን አይከፍልም"

ይከፍላል። ሲኖትራኩ ሹፌር ከፈለ አይደል? የሚከፍለው ለቀለለው ነው። በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሡ ናቸው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆነው ያመጡት፤ በትንሽ ብር ዘፈን በሕጋዊ መንገድ መግዛት። ኤልያስ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ 2012 ዓ.ም. ገና እንደገባ አረፈ። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው ባይ ነኝ። ቢሆንም በነፃ ከሚገኝ ዩቲዩብ ጋር መወዳደር ቀላል አይደለም። ቴሌብር በ2013 ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በስልክ መክፈል ራሱ ገና ያልተለመደ ነገር ነበር።

በነገራችን ላይ ሲዲ አሁንም የሚሸጥበትን ቦታ ማየት የፈለገ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሂድ። ነጠላ፣ ጧፍ፣ መጽሐፍና የመዝሙር ሲዲ ጎን ለጎን ናቸው። ገዢው ገንዘቡን እንደ አገልግሎት ድጋፍ ስለሚያየው "ከቴሌግራም አወርደዋለሁ" አይልም።

"ሸክላ ውጭ አገር ተመልሷል፤ እኛም ጋ ሙዚቃ ቤቶቹ ይመለሳሉ"

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ የተሸጠው 33 ሚሊዮን ነው። ሁለቴ የከሰረው ኤች.ኤም.ቪም በ2023 መጨረሻ ለንደን ኦክስፎርድ ስትሪት ወዳለው የድሮ ሱቁ ተመልሷል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን አያስኬድም። እዚያ የተመለሰው መግዛት የሚችል፣ ማጫወቻውን ሳሎኑ ያስቀመጠ ደንበኛ ስላለ ነው። እኛ ጋ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል፤ ያለውም መርፌው ሲሰበር ምትክ ያጣል። የኛ የድሮ ሸክላ ፈላጊ ባብዛኛው የውጭ ሰብሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የወጡት የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች የአምሃንና የካይፋን ዘመን ሥራዎች ለዓለም ካሰሙ በኋላ፣ ፒያሳና መርካቶ ተጥለው የነበሩ ሸክላዎች እየተለቀሙ አገር ለቀው ወጥተዋል።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ በረንዳ ላይ ያስቀመጣችሁት ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ቆራሊዮም ሲያልፍ አትስጡት። ከካሴት ወደ ዲጂታል ሳይገለበጡ የቀሩ ብዙ ሥራዎች አሉ፤ በተለይ የክፍለ ሀገር ድምፃውያን። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፣ ስፒከር አጠገብም አታስቀምጡት፤ ማግኔቱ ድምፁን ያበላሸዋል። ማስገልበጥ ካሰባችሁ ደግሞ ከመጫወቱ በፊት የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል አስጠርጉ። ካሴቱ ለረጅም ጊዜ ካልተነካም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ክሩ ተጣብቆ ከሆነ እየዘፈነ ሳለ ሊበጠስ ይችላል። ቴፕ ያለው፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚገለብጥ የሚጭን ልጅ አቃቂ ገበያ አካባቢ ጠይቃችሁ አታጡም። ሲጨርስ ዋናውን ካሴት ተቀበሉት፤ አንዳንዱ "ምን ያደርግላችኋል" ብሎ ሊያስቀረው ይሞክራል።