«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ አባባሉና የዛምቢያው የሠራተኞች መሪ

ሰው ሲሾም መጀመሪያ የሚደርሰው «ሹመት ያዳብር!» የሚል ምርቃት ነው። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ አንዱ ወደ ጆሮው ጠጋ ይልና ሌላ ነገር ይለዋል። «እንግዲህ ዕወቅበት፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» መካሪው አጎት ይሆናል፣ የድሮ ባልደረባ ይሆናል፣ የሰፈር ልጅ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እየሳቀ ነው የሚናገረው። ምክሩ ግን የምር ነው። ቤት ሥራ፣ መሬት ያዝ፣ ዘመድ አስቀጥር ማለቱ ነው።

ፍቺው ከባድ አይደለም። ወንበሩ ላይ ሳለ ለራሱ ያላደረገ፣ ከወንበሩ ሲነሳ ይጸጸታል። አባባሉ በሦስት ዓይነት አፍ ሲነገር እንሰማዋለን። አንዱ ለአዲስ ተሿሚ ይመክርበታል። ሌላው የታወቀ ሙሰኛ ሲነሳ «ምን ያድርግ፣ ሲሾም ያልበላ...» ብሎ በግማሹ ትቶ ትከሻውን ይነቀንቃል። ሦስተኛው ደግሞ በንጹሕ እጁ ወጥቶ አሁን በኪራይ ቤት የሚኖር የቀድሞ ባለሥልጣን ሲያይ ያዝንበታል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ያልሰረቀ ሰው ሞኝ ተደርጎ ይቆጠራልና።

አባባሉን በዛሬ ዓይን ብቻ ካየነው የሌባ ምክር ይመስላል። የተነሣበት ሥርዓት ግን ሌላ ነበር። በድሮው ዘመን ሹም ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሡ ሲሾመው ጉልት ይሰጠዋል። ጉልት ማለት የመሬቱ ባለቤት መሆን ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመቀበል መብት ነው። ገበሬው ርስቱን ያርሳል፤ ለባለ ጉልቱ እህል፣ ማር፣ ቅቤ ያገባል፤ ጉልበቱንም ይሰጣል። ሹሙ በዚህ ቤቱን ያስተዳድራል፣ አሽከሮቹን ያበላል፣ ክተት ሲታወጅ ተከታዮቹን ይዞ ይወጣል። አንድ አገር «በላ» ማለትም ተሾመበት ማለት ነበር። መብላት የሹመቱ ክፍያ እንጂ ስርቆት አልነበረም።

በዚህ ላይ ሹም ሽር አለ። ንጉሡ ዘንድሮ የሰጠውን ለከርሞ ይነሳል። ሹሙ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አያውቅም፤ ጡረታ የለ፣ የአገልግሎት ካሣ የለ። በተሻረ ማግሥት ጉልቱ ለሌላ ይሰጣል፤ ደጁን ሲያጣብብ የነበረው ሰው አዲሱ ሹም ደጅ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ሰው «በጊዜህ ተጠቀም» ማለት ያስኬድ ነበር። መከራው የገበሬው ነው። ቶሎ እሻራለሁ ብሎ የሚፈራ ሹም ቶሎ ቶሎ ይሰበስባል።

ያ ውል ዛሬ የለም። ከ1941 በኋላ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥት ሹማምንት ደመወዝተኛ ሆኑ። ጉልት በሕግ የቀረው በ1966 ነው። ደመወዙ መጣ፣ ጡረታው ተከተለ፣ አባባሉ ግን እንዳለ ቀጠለ። ዛሬ «ብላ» የምንለው ሰው ደመወዙን አንዴ በልቷል።

ይህን አባባል በሰው ሕይወት ልፈትነው ብል ከቀድሞው የዛምቢያ ፕሬዚዳንት ከፍሬድሪክ ቺሉባ የተሻለ አላገኝም። እሳቸውን የሾመ ንጉሥ የለም። ለወንበር ያበቋቸው በየወሩ ከደመወዛቸው መዋጮ የሚቆረጥባቸው ሠራተኞች ናቸው።

ቺሉባ የተወለዱት በ1943 ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ተባረሩ። ታንዛኒያ ወርደው በቃጫ እርሻ ላይ በጸሐፊነት ሠሩ። ተመልሰው የመዳብ ማዕድን በሚወጣበት በኮፐርቤልት፣ ንዶላ ከተማ፣ አትላስ ኮፕኮ የሚባለው የማሽን ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ተቀጠሩ። እዚያ የሕንፃ፣ የኢንጂነሪንግና የጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር ገቡ። ቁመታቸው አጭር፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አንደበታቸው ግን ርቱዕ ነበር። በ1974 የዛምቢያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ሊቀ መንበር ሆኑ።

ይህ ቀላል ወንበር አልነበረም። ኬኔት ካውንዳ አገሪቱን በአንድ ፓርቲ የሚገዙበት ጊዜ ነው። ተቃዋሚ ፓርቲ ክልክል ነው። ከመንግሥት ውጭ ተደራጅቶ የሚናገር ኃይል ቢኖር ቤተ ክርስቲያንና የሠራተኛው ማኅበር ነበሩ። በ1981 ማዕድን ቆፋሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ካውንዳ ቺሉባንና ሌሎች የማኅበር መሪዎችን ያለ ክስ አሰሩ። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት እስራቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈታቸው። ከእስር ሲወጡ ስማቸው ገንኖ ነበር።

በሰኔ 1990 የበቆሎ ዱቄት ዋጋ ተሰቀለ። በቆሎ እዚያ እንደ እኛ ጤፍ ነው፤ ያለ እሱ ገበታ የለም። ሉሳካ በአመፅ ተናጠች፣ ሰው ሞተ፣ አንድ መኮንን ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ መንግሥት ገለበጥኩ እስከ ማለት ደረሰ። በሳምንታት ውስጥ የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ንቅናቄ ተመሠረተ። ምሁሩም ነጋዴውም ገባበት። በየማዕድኑና በየፋብሪካው ሰው የነበረው ግን የሠራተኛው ማኅበር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በጥቅምት 31 ቀን 1991 ቺሉባ ከመቶ 76 ያህሉን ድምፅ አግኝተው ካውንዳን አሸነፉ። ለ27 ዓመት የገዙት ካውንዳ ሽንፈታቸውን ተቀብለው በሰላም ወጡ። በአፍሪካ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነበር።

ሥልጣን ላይ ሲወጡ ያደረጉትን ሁሉ ማጣጣል አልፈልግም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመንግሥትና የከተማ አስተዳደር ቤቶችን ለሚኖሩባቸው ተከራዮች በርካሽ ሸጡ። ስንቱ ሠራተኛ የቤት ባለቤት ሆነ። ግን ደግሞ ከ200 በላይ የመንግሥት ድርጅቶችን ሸጡ። የዱቄቱን ድጎማ አነሱ። ካውንዳ በዱቄት ዋጋ ሲወድቁ ያየ ሠራተኛ፣ የራሱ ሰው ከዚያ የባሰውን ሲያደርግ ለጊዜው ታገሠ። «የኛው ነው» ብሎ።

ከአባባሉ ጋር የሚገናኘው ዋናው ነገር ካውንዳ ላይ የደረሰው ነው። ቺሉባ ተሽረው የወጡትን ሰው አላስቀመጧቸውም። በ1996 ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉና ከወላጆቹ አንዱ እንኳ በትውልድ ዛምቢያዊ ያልሆነ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ከለከሉ። የካውንዳ ወላጆች ከማላዊ የመጡ ናቸው፤ ሕጉ ማንን እንደሚያነጣጥር የጠፋው ሰው አልነበረም። በ1997 ከመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ካውንዳ በፈረንጆቹ ገና ቀን ታሰሩ። በ1999 ደግሞ አንድ ፍርድ ቤት ዜግነት የለዎትም አላቸው። አገሪቱን ነፃ ላወጣ ሰው! መሻር በዛምቢያ አስፈሪ የሆነው በቺሉባ እጅ ነው። ከዚያ የእሳቸውም ተራ እየቀረበ መጣ።

ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው ሁለት የሥራ ዘመን ብቻ ነው። በ2001 መጀመሪያ ደጋፊዎቻቸው ሦስተኛ ይጨመር አሉ። ያኔ ጠበቆች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የሴቶች ድርጅቶች ሉሳካ ውስጥ ኦኤሲስ በሚባል ምግብ ቤት ተሰብስበው መድረክ መሠረቱ፤ ስሙንም ከምግብ ቤቱ ወሰዱ። ሰው አረንጓዴ ሪባን ደረቱ ላይ አሰረ። አርብ አርብ የመኪና ጥሩምባ እየነፋ ተቃወመ። የገዛ ሚኒስትሮቻቸው ሳይቀሩ ተነሱባቸው። በግንቦት አልወዳደርም አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአፍሪካ መሪዎች ሉሳካ ላይ ተሰብስበው ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወደ አፍሪካ ኅብረት መሸጋገሩን ሲነጋገሩ የአስተናጋጁ ወንበር የእሳቸው ነበር። በጥር 2002 ሥልጣኑን ራሳቸው ለመረጧቸው ለሌቪ ምዋናዋሳ አስረከቡ።

የመረጧቸው ሰው አላለፏቸውም። ወራት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2002፣ ፓርላማው ያለመከሰስ መብታቸውን አነሳ። ቀጥሎ ክስ መጣ።

ለንደን የታየው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው በደንብ የሚታወሰው። የደህንነት መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ተብሎ ለንደን ውስጥ የተከፈተ ሒሳብ ነበር። በግንቦት 2007 ዳኛው ቺሉባና ተባባሪዎቻቸው 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የአገሪቱን ገንዘብ አጭበርብረዋል ብለው ፈረዱ። ቺሉባ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አልቀበልም ብለው አልቀረቡም። በአሥር ዓመት የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ያገኙት ደመወዝ 100 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ጄኔቫ ውስጥ ለአንድ ልብስ ቤት ብቻ የተከፈለው ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሸሚዞቹ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ተጠልፈውባቸዋል። ጫማዎቹ በእጅ የተሰፉ፣ ተረከዛቸው ከፍ ያለ፣ በልካቸው የታዘዙ ናቸው። ዳኛው አብዛኛው ዛምቢያዊ በቀን አንድ ዶላር ለማግኘት ሲታገል ይህ መደረጉን በፍርዱ አንስተውታል። ቺሉባ ገንዘቡ ከወዳጆች የተለገሰኝ ነው ብለው ነበር።

አገር ቤት ውጤቱ ሌላ ሆነ። በነሐሴ 2009 የሉሳካ ፍርድ ቤት በወንጀሉ ክስ ነፃ አላቸው። በ2010 ደግሞ የዛምቢያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የለንደኑን ፍርድ አገር ውስጥ አላስፈጽምም አለ። በሰኔ 2011 በ68 ዓመታቸው ሉሳካ ውስጥ አረፉ። ከመሻር እስከ ሞት ካሉት ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፉት በክስ ነው።

እንግዲህ አባባሉ ሲሾም የበላ ሲሻር አይቆጨውም ሊለን ነው የሚፈልገው። እኔ አላምነውም። የሚያጠነክረው ነገር ግን አለ። ፍርሃት ነው። ተሻሪ የሚታሰርበት፣ ዜግነቱ የሚነጠቅበት፣ ደጁ ጭር የሚልበት አገር ውስጥ ለተሿሚ «አትብላ» ብሎ መስበክ ብቻውን የትም አያደርስም። ምክሩን ከሥሩ መንቀል የሚፈልግ ሰው ከተሻረው ይጀምር። ወንበሩን በሰላም የለቀቀ ሰው በጡረታው ከጎረቤቱ ጋር መኖር ከቻለ፣ አጎትየው በጆሮ የሚያሾከሹከው ነገር ያንሰዋል።

ሌላም የጎደለው ነገር አለ። አባባሉ የሚያውቀው የተሻረውን ሰው ቁጭት ብቻ ነው። ስለ ሾሙት ሰዎች ቁጭት አንድ ቃል የለውም። በጉልቱ ዘመን ገበሬው ሹሙን አልሾመውም፤ ስለዚህ አባባሉ እሱን ባያስታውሰው አይገርምም። የኮፐርቤልት ሠራተኞች ግን መሪያቸውን ራሳቸው ነው ለወንበር ያበቁት፣ በመዋጮአቸው፣ ሥራ በማቆም፣ በምርጫ ካርዳቸው። ሉዋንሺያ የምትባለው ከተማ የመዳብ ማዕድን በ1997 በቺሉባ መንግሥት ለውጭ ባለሀብት ተሸጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ ኩባንያው ከሠረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ የስንብት ክፍያቸውንም ለማግኘት ለዓመታት ተመላለሱ።