ድርብ መገለል ምንድን ነው?

«መድሎና መገለል» የሚለውን አባባል ደሴ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድርብ መገለል ግን ብዙም አይነሳም። አንድ ሰው በሁለት ነገር ባንዴ ሲገለል ማለት ነው። እዚህ የማነሳው ኤችአይቪንና ወንድ ሆኖ ወንድ መውደድን ነው። ከወንድም ከሴትም ጋር የሚሆኑትንም ይነካል፤ ከእነሱ ውስጥ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆኑ አሉ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት አስቡ። መመርመር ፈልጓል። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ምርመራውም በነፃ ነው። ካርድ ክፍል የምትሠራው ግን የእናቱ ዕድርተኛ ልጅ ናት። ስለዚህ ሚኒባስ ይሳፈርና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይሄዳል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰው እንዳያየው ብቻ።

እዚያ ሲደርስ አማካሪዋ «ከስንት ሴት ጋር ግንኙነት አድርገሃል?» ትለዋለች። «ከአንድ» ይላል። ውሸት ነው። ግን ምን ይበል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ያው ሕግ የታካሚን ምስጢር ያወጣ ባለሙያንም ይቀጣል። ይህን ሁለተኛውን የነገረው ሰው የለም።

ከዚያች መልስ በኋላ የሚሰጠው ምክር የሌላ ሰው ምክር ነው። በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ቫይረሱን ይበልጥ እንደሚያስተላልፍ አይሰማም። ቫዝሊን ኮንዶም እንደሚቀድ፣ ውሃማ ማለስለሻ እንደሚሻል አይነገረውም። ቫይረሱ ከተገኘበት ደግሞ «አጋርህን ይዘህ ና» ይባላል። ሚስት ካለችው እሷን ይዞ ይመጣል። ወንዱ ጓደኛው ሳይመረመር ይቀራል።

መድኃኒቱ ላይ ሲደረስ ይብሳል። ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖር ሰው ብልቃጡን የት ይደብቀዋል? ሲያነሳው ይንሿሿል። ክኒኑን በሶፍት ጠቅልሎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል። እንግዳ ያደረ ማታ ሳይውጥ ይተኛል። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያለ ቀጠሮውም ያልፋል። መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ለምን እንዳቋረጠ ግን አይጻፍም።

በጣም የሚያሳዝነኝ መድኃኒቱ የሚሠራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የአውሮፓ ጥናት 782 የወንድና ወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ ሌላው የለበትም። ያለበት መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ደርሷል። ያለ ኮንዶም 76 ሺህ ጊዜ ያህል ግንኙነት አድርገዋል። ከአጋሩ የተላለፈበት አንድም ሰው አልተገኘም።

ሸክሙን የሚያቀሉ ነገሮች አሉ። ጤናቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት ባንዴ ይሰጣል፤ በዓመት ሁለቴ ብቻ መታየት ማለት ነው። በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው የራስ መመርመሪያም ቤት በር ዘግቶ በ20 ደቂቃ ውጤት ያሳያል። ቫይረሱ አለ ካለ ግን ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ ግድ ነው። ኮምቦልቻ የጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች የሚያድሩባት ከተማ ናት። በአገር አቀፉ ዕቅድ ሾፌሮችና ሴተኛ አዳሪዎች ተለይተው ይታያሉ። ወንድ የሚወዱ ወንዶች ግን በስም አይጠሩም።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ዕቅድ ሳይጠበቅ፣ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ነገ ጠዋት ሊለወጥ የሚችል ቃል አለ። አማካሪዋ «ከስንት ሴት ጋር?» ማለቷን ትታ «ከስንት ሰው ጋር?» ብትለው።