የፈረስ ጉልበት የማይነግረን፦ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ የስፖርት መኪኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የፈረስ ጉልበቱ በበዛ ቁጥር መኪናው ለመንዳት ይጥማል።» ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው። የፈረስ ጉልበት ሞተሩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሥራ መሥራት እንደሚችል ይለካል እንጂ፣ መሪው ሲጠመዘዝ የመኪናው ፊት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚታዘዝ ወይም ጎማው ሊንሸራተት ሲቃረብ ለአሽከርካሪው ምን ምልክት እንደሚሰጥ አይናገርም። በ1996 ለገበያ የቀረበው ሎተስ ኤሊዝ የተባለው የስፖርት መኪና 118 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱ ግን 725 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በማጣበቂያ የተያያዘው የአሉሚኒየም ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ብቻውን 68 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። የፊቱ ክፍል ቀላል በመሆኑ መሪው ያለ ፓወር ስቲሪንግ ይሠራል። እንዲህ ያለውን መሪ ይዞ ኩርባ የገባ ሰው ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው በእጁ ላይ እየከበደ ሲመጣ ይሰማዋል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ቆንጥጠው መያዝ የሚችሉበት ወሰን ሊያበቃ ሲል ደግሞ ያ ክብደት ቀስ ብሎ ይቀልለታል። መቅለሉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚደርሰውም መኪናው ከመንሸራተቱ በፊት ነው። እኔ «የመንዳት ስሜት» የምለው ይህንን በመኪናውና በአሽከርካሪው መካከል ያለውን ንግግር ነው።

«ጉልበት ለክብደት ያለው ምጣኔ እኩል ከሆነ መኪኖቹ እኩል ናቸው።» ይህ ከፊተኛው የተሻለ የታሰበበት ስለሆነ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ 200 የፈረስ ጉልበት መኪና እና 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ 400 የፈረስ ጉልበት መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲነሱ ተቀራርበው ይጓዛሉ፤ እንዲያውም ፍጥነቱ ሲያይል የነፋሱ ግፊት በክብደት ስለማይወሰን ከባዱ ይቀድማል። ልዩነቱ የሚገለጠው ፍሬን ሲያዝ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የቀላሉ መኪና የእንቅስቃሴ ጉልበት 386 ኪሎ ጁል ያህል ሲሆን የከባዱ 772 ነው፤ ለመቆም ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፣ አብዛኛውም በፍሬኑ ላይ። ጎማም ቢሆን የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከባዱ መኪና ሰፊ ጎማ፣ ትልቅ ቸርኬ፣ ትልቅ ፍሬን እና ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፤ እነዚህም በተራቸው ክብደት ይጨምራሉ፤ ክብደቱም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል።

«ቀላል መኪና ደካማ መኪና ነው።» ቀላልነት እና ጉልበት ጠላቶች አይደሉም። ጎርደን መሬይ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ማክላረን ኤፍ 1 የተባለው የስፖርት መኪና ክብደቱ 1,138 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ 627 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ በ1998ም በሰዓት 386.4 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ይኸው መሐንዲስ በ2020 ይፋ ያደረገው ቲ 50 ደግሞ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ይዞ ከአንድ ቶን በታች ነው።

«ቀላል መኪና አደገኛ ነው።» እዚህ ላይ ከፊል እውነት አለ፤ መካድም ተገቢ አይመስለኝም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ በፍጥነቱ ላይ የበለጠ ለውጥ የሚደርስበት ቀላሉ ነው። ከማይነቃነቅ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ግን እያንዳንዱ መኪና መዋጥ ያለበት የራሱን የእንቅስቃሴ ጉልበት ስለሆነ፣ ወሳኙ የአካሉ አሠራር ነው።

«የበለጠ የሚይዝ ጎማ የበለጠ ስሜት ይሰጣል።» በ2012 የወጣው ቶዮታ ጂቲ 86 ባለ 200 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ 215 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተራ ጎማ የተገጠመለት ሆን ተብሎ ነበር። እጅግ የሚይዝ ጎማ መኪናው መንሸራተት የሚጀምርበትን ወሰን ከፍ ያደርገዋል፤ አሽከርካሪው ወደዚያ ወሰን የሚደርሰውም በሕዝብ መንገድ ሊሞከር በማይገባ ፍጥነት ብቻ ነው። በጂቲ 86 ግን ኩርባ መሃል ነዳጅ ቀነስ ሲደረግ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎቹ ሲሸጋገር፣ የኋላውም ጥቂት ሲቀል፣ በመጠነኛ ፍጥነት እንኳ በመቀመጫው በኩል ይሰማል።