የሪያሊቲ ሾው እውነትና ቅንብር፦ ጅማን እንደ ማሳያ

ሪያሊቲ ሾው ተዋናይ ሳይቀጠርለት፣ ቃለ ተውኔት ሳይጻፍለት፣ ተራ ሰዎች በራሳቸው ስም ቀርበው የሚቀረጹበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። የዘፈን ውድድሩ፣ በአንድ ቤት ተዘግቶ መኖሩ፣ ተጠፋፍተው የቆዩ ዘመዶችን ማገናኘቱ፣ ድብቅ ካሜራው፣ የችግረኛ በር አንኳኩቶ መርዳቱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቶ እንዲህ ያለ ዝግጅት ከታየ «ይሄ እውነት ነው ወይስ ድራማ?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ መልሱ ከሁለቱም አንዱ አይደለም። ሰውየው የተናገረው ቃል የራሱ ሊሆን ይችላል። መቼ እንደተናገረው፣ ለየትኛው ጥያቄ እንደመለሰውና ከምን በኋላ እንደመጣ ግን የወሰነው ኤዲተሩ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ቅንብር የሚሠራው በጊዜና በቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ተመልካች ደግሞ የሚፈትሸው ልቅሶውንና ሳቁን ነው።

ከየት መጣ

የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ፒቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተላለፈው «አን አሜሪካን ፋሚሊ» ነው። ቀራጮቹ በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የሚኖረውን የላውድ ቤተሰብ ለሰባት ወር ያህል ተከታትለው 300 ሰዓት ገደማ ቀረጹ፤ ለአየር የበቃው 12 ክፍል ብቻ ነው። ቤተሰቡ በኋላ ያማረረው በምርጫው ነበር፦ ደጉ ቀን ተቆርጦ ክፉው ቀረ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሚሰማው የተሳታፊዎች ቅሬታ ከዚህ ብዙም አልራቀም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በደሴት ላይ የመኖር ውድድር የሆነውን «ኤክስፔዲሽን ሮቢንሰን»ን፣ ኔዘርላንድስ በ1999 በአንድ ቤት ተዘግቶ መኖሩን «ቢግ ብራዘር»ን ጀመሩ። የአፍሪካው «ቢግ ብራዘር» እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በዲኤስቲቪ ተሰራጨ፤ በኋለኞቹ ዙሮች ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል። በአገር ውስጥ በሰፊው የታወቁት «ባላገሩ አይዶል»ንና «ፋና ላምሮት»ን የመሳሰሉ የድምፅ ውድድሮች ናቸው። አሁን ደግሞ በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚወጡ የእርዳታና የድብቅ ካሜራ ቪዲዮዎች ከቴሌቪዥኑ ጋር ተመልካች እየተሻሙ ነው።

ሰዓቱ እንዴት ያጥራል

አንድ ካሜራ ሙሉ ቀን ቢሠራ 24 ሰዓት ይቀርጻል። ከዚያ የ45 ደቂቃ ዝግጅት ሲወጣ ከ32 ደቂቃ ውስጥ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። ካሜራው አሥር ከሆነ ከ320 አንዱ ይሆናል። ይህን ያህል የሚጥል ሰው የቀረውን ወደፈለገው አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቆጣ ሰው ሁለቱ ቁጣዎች ተቀጥለው ሲታዩ ግልፍተኛ ነው፤ ቀሪው ሰላማዊ ሰዓት ቢጨመርበት ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ጨዋ ሰው ይሆናል። አዘጋጆች ከቀረጻ በፊት «ቁጡው»፣ «አልቃሻው»፣ «አስቂኙ» የሚል ሚና በወረቀት የሚይዙትም ለዚህ ነው። ሚናው ለተሳታፊው አይነገረውም፤ ካሜራማኑ ግን ማንን፣ ምን ሲያደርግ መከታተል እንዳለበት ያውቃል።

ጅማ ላይ ሲቀረጽ

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቡድኑ ሁለት ካሜራማን፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ፕሮዲዩሰርና ሾፌር ብቻ ቢሆን እንኳ በየቀኑ አበል፣ አልጋና ነዳጅ ያስወጣል። የአንድ ሰው የወር ኑሮ በሁለት ቀን ተቀርጾ የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ተሳታፊዋ ሦስት ወይም አራት ልብስ ይዛ እንድትመጣ ይነገራታል፤ ጠዋት ቤቷ፣ ረፋድ ላይ መርካቶ፣ ከሰዓት ጅሬን በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ትቀረጻለች፤ በየመሀሉ ሻርፕና ቀሚስ ትቀይራለች። በስክሪን ሲታይ ሦስት ሳምንት አልፏል። ማንም አልዋሸም፤ ግን ሦስት ሳምንት የሚባል ነገር አልነበረም።

ቡና ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በጅማ ዙሪያ ቀዩ ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከነገለፈቱ በአልጋ ላይ የሚደርቀው እንደ ፀሐዩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያ መፈልፈል፣ መልቀም፣ መቁላት ይከተላል። ስለዚህ ጠዋት ከዛፉ ለቅማ ከሰዓት ያንኑ ቡና አፍልታ ስታቀርብ የታየች ሴት ያፈላችው ሌላ ቡና ነው። ቡድኑ በሐምሌ ከመጣም ዛፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ያኔ ከመጋዘን የወጣ ደረቅ ቡና በሰፌድ ይያዝና «ምርቱ ገባ» ይባላል። የአካባቢው ሰው አይቶ ይስቃል፣ የሌላ ከተማ ተመልካች ያምናል።

ገበያ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሰዉ ነው። ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ትልቁ ቀን ሆኖ የኖረ ነው፤ በዚያ ግርግር ካሜራ ከተነሳ ሕፃናት ይከባሉ፣ ነጋዴው ሌንሱን ያያል፣ ደንበኛ ይቆማል። «ካሜራውን አትዩ» ሲባል ደግሞ ያላየውም ያያል። የመጀመሪያው የዋጋ ክርክር በዚህ ይበላሻል፤ «እንደገና ከበሩ ግቡ» ይባላል። በሁለተኛው ዙር ሻጩ የሚጠየቀውን፣ ገዢዋም የሚመለስላትን ያውቃሉ። ክርክሩ ከዚያ ወዲያ ልምምድ ነው። ልምድ ያለው ካሜራማን ከሩቅ በረጅም ሌንስ የመጀመሪያውን ይይዛል፣ ለድምፁ ብቻ ቀርቦ ሁለተኛውን ይቀርጻል፤ ሁለቱ በኤዲቲንግ ይጋባሉ። በልብስ ሥር የሚደበቀው ትንሹ ማይክ በነጠላና በሻርፕ መፋተግ ስለሚንኮሻኮሽ የተነገረ ጥሩ ቃል የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ያም «እስቲ ድገሚልኝ»ን ያስከትላል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ በደንብ ካልራቀ በየንግግሩ ሥር ይሰማል። ዝናቡ ከሁሉም ይብሳል፤ ጅማ አካባቢ ከበልግ እስከ መስከረም ማለቂያ ዝናብ ይበዛል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተጀመረ ቃለ ምልልስ ዝናብ ሲመጣ ይቆማል፣ ሲያባራ ከመሀል ይቀጥላል። ተናጋሪው በመሀል ሻይ ጠጥቷል፣ ስሜቱ በርዷል። ሲቀጥል «ቅድም እንዳልከው አድርገህ ተናገር» ይባላል።

የሌላ ሰዓት ፊት፣ የተቀጠለ ቃል

የዘርፉ ዋና መሣሪያ ሁለት ነው። አንደኛው የፊት መልስ ነው፦ አንድ ሰው ክፉ ነገር ሲናገር ካሜራው ወደ ሌላዋ ዞሮ ፊቷን ስታጨማድድ ያሳያል። ያ ፊት ከሁለት ሰዓት በፊት ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቃል መቀጠል ነው። ከተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች የተቆረጡ ቃላት ተገጣጥመው ሰውየው ያላለው አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ብቻውን ተቀምጦ ስለ ሌሎቹ የሚያወራበት ክፍል ለዚህ ምቹ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ ቀናት ቆይቶ፣ ያንኑ ልብስ አስለብሰው ይቀርጹታል። ጠያቂው በምስሉ ስለማይሰማ ተሳታፊው ጥያቄውን ከመልሱ ጋር አያይዞ እንዲናገር ይጠየቃል። «ተናደህ ነበር?» ሲባል «አዎ» ማለት አይበቃም፤ «በጣም ተናድጄ ነበር» በል ይባላል። ቃሉ የጠያቂው፣ አፉ የተሳታፊው ነው።

ተመልካች ይህን ለመያዝ ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ቢያምን ይሻለዋል። ድምፁ እየተሰማ ፊቱ የማይታይበት ሰከንድ ላይ አብዛኛው ቅጥል ይሠራል። በዓረፍተ ነገሩ አጋማሽ የቆርቆሮው ዝናብ ድንገት ከቆመ ሁለት ቅጂ ተገጥሟል ማለት ነው። ጎበዝ የድምፅ ባለሙያ ይህን ለመሸፈን ከየቦታው ሳይለቅ የክፍሉን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀርጻል፣ ከቅጥሉ ሥር ያነጥፈዋል። ያልቀረጸ ቡድን ሙዚቃ ያስገባል፤ ጸጥ ባለ ንግግር ላይ ያለ ምክንያት ክራር የገባበት ቦታ የሚያጠራጥረውም ለዚህ ነው።

ጅማ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሰዓት አለ፦ አዛን። የዙህር አዛን ከቀኑ 6:30 አካባቢ፣ የመግሪቡ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። «በማለዳ ተነስታ» በሚል ትረካ ሥር ጥላው አጥሮ ከሩቅ የዙህር አዛን ከተሰማ ማለዳው እኩለ ቀን ነበር። ሌላው የጀበናው እንፋሎት፣ የስኒው ልክና የግድግዳው ሰዓት ነው፤ ስኒው ጎድሎ ማንም ሳይቀዳበት እንደገና ከሞላ ትዕይንቱ ከኋላ ወደ ፊት ተቀጥሏል።

የድንገቴ ጉብኝት ቪዲዮዎችን ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ እንግዳው በሩን ሲያንኳኳ ካሜራው የት ነበር? ከውስጥ ሆኖ የከፋቿን ፊት ከያዘ ቤተሰቡ ቀድሞ ያውቃል። ስጦታው እውነት ሊሆን ይችላል፣ እንባውም ጭምር፤ መደንገጡ ግን የተደገመ ነው።

ውድድርና ድምፅ መስጠት

እንግዳ ቢመስልም ከሁሉ በላይ በሕግ የሚጠበቀው የውድድር ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ «ትዌንቲ ዋን» የተባለው የጥያቄና መልስ ዝግጅት ለተመረጡ ተወዳዳሪዎች መልሱን አስቀድሞ ይሰጥ እንደነበር ተጋለጠ፤ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቻርልስ ቫን ዶረን እ.ኤ.አ. በ1959 በምክር ቤት ፊት አመነ። በ1960 እንዲህ ያለውን ውድድር ማጭበርበር በሕግ ወንጀል ሆነ። በእንግሊዝ ደግሞ ጂኤምቲቪ የተባለው ጣቢያ በስልክ ውድድር ዕድላቸው የተዘጋባቸውን ደዋዮች ሲያስከፍል በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የ2 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። በዚህ ምክንያት በትልልቅ ጣቢያዎች ነጥቡን ጠበቃ ይከታተለዋል፤ የመኝታ ቤቱን ጠብ ግን ማንም አይከታተለውም።

ውጤቱ ካልተነካ የሚነካው መንገዱ ነው። ለኦዲሽን የሚሰለፈው ሕዝብ በሙሉ ዝነኞቹ ዳኞች ፊት አይቀርብም። ቀድሞ ያለ ካሜራ፣ ወይም በአንድ ካሜራ፣ የዝግጅቱ ሠራተኞች ያጣራሉ፤ የሚያልፉት ጎበዞቹና መዝፈን ሳይችሉ የሚያስቁት ናቸው። መካከለኛው ዘፋኝ እዚያው ይቀራል። ድምፁ የማይሆን ልጅ «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ተብሎ ሲሳቅበት የደረሰው ተመርጦ ነው። ይህ ከዘርፉ ልማዶች ሁሉ ጨካኙ ነው።

በአጭር መልእክት በሚሰጥ ድምፅ ላይ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ መስመሩ መቼ ተዘጋ፣ የዳኛው ድርሻ ስንት በመቶ ነው፣ ዝግጅቱ ቀጥታ ነው ወይስ የተቀረጸ? ቀድሞ ተቀርጾ ባለቀ ክፍል ውስጥ «አሁን ይላኩ» የሚል ጽሑፍ ቢያልፍ ለዚያ ክፍል ውጤት የሚጨምረው ነገር የለም። የከተማው ልጅ ሲወዳደር ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለልጃችን ላኩ መባሉ የታወቀ ነው፤ ያ ቁጥር የሚለካው የወዳጅ ብዛትን ነው።

የተተረጎመ ሰው

በጅማ ብዙ ሰው ቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዝግጅቱ ግን በአማርኛ ሲሆን ተሳታፊው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። በአማርኛ ከተናገረ ቀልዱና ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በስክሪን ዝምተኛ ይመስላል። በራሱ ቋንቋ ከተናገረ በላዩ የተርጓሚ ድምፅ ይገባል ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፍ ከንግግር ያጥራል፤ መጀመሪያ የሚቆረጡት «ይመስለኛል»፣ «አንዳንዴ»፣ «ካልተሳሳትኩ» የሚሉት ናቸው። የተጠራጠረው ሰው እርግጠኛ ሆኖ ይወጣል። ቋንቋውን የሚያውቅ የጅማ ተመልካች ልዩነቱን ወዲያው ይሰማል፣ በዚህ ረገድ ከእሱ የተሻለ ዳኛ የለም።

ከፊርማ በፊት

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ታዋቂ ሰው ወይም በአደባባይ እንደተደረገ ክንውን ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ስለዚህ በገበያ መሀል በሩቅ የታየ ሰውና ቤቱ ገብተው የቀረጹት ሰው እኩል አይደሉም። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ከሆነ የሚፈርመው ወላጅ ወይም ሞግዚት ነው።

የተሳትፎ ውል በተለምዶ አዘጋጁ ቀረጻውን እንዲቆርጥ፣ እንዲያቀናብርና ደጋግሞ እንዲጠቀምበት ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ከፊርማ በኋላ «ያልኩት እንዲህ አልነበረም» ማለት ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚነገሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የማይቀረጽ ክፍልና የማይታይ ሰው በስም ይጻፍ፤ ክሊፑ በቲክቶክና በዩቲዩብ ለብቻው ይለቀቅ እንደሆነ ይታወቅ፤ የአልጋና የትራንስፖርት ወጪ በማን ላይ እንደሆነ ይጠየቅ፤ የውሉ አንድ ቅጂ እዚያው በእጅ ይቅር። «አዲስ አበባ ደርሰን እንልክልሃለን» የተባለ ቅጂ አይመጣም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

በቀረጻው ላይም ተሳታፊው ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ አለ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ለመቁረጥ ይመቻል፣ አጭሩ አይመችም። «ድገመው» ሲባል ቀድሞ ያልተባለ ቃል ተጨምሮ ከሆነ አልናገርም ማለት ይቻላል። አንድ ክፉ ቃል ካመለጠ በዚያው ትንፋሽ የዝግጅቱን ስም ወይም የካሜራማኑን ስም መጥራት ኤዲተሩን ያስቸግረዋል፤ ቃሉን ከስሙ ለይቶ ማውጣት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይጥላቸዋል።