በወሎ ደጋ ስለ እንቅርት የሚባለውና እውነታው

«እንቅርት የሚመጣው ከምንጭ ውሃ ነው።»

ከደላንታ እስከ ዋድላ ደጋውን የሚጎዳው ውሃው ሳይሆን የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ሄዷል፤ ገብሱም ወተቱም ያንኑ ጉድለት ይዞ ማዕድ ላይ ይቀርባል።

አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ አዮዲንን ከደም እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞን በደም ተጉዞ ለሩቅ አካል ትእዛዝ የሚያደርስ ኬሚካል ነው። ቲ-4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን አንዱ ሞለኪውል ብቻ አራት የአዮዲን አተሞች ይፈልጋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ «ጨምር» የሚል ሌላ ሆርሞን ይልካል። ታይሮይዱ ጥሬ ዕቃው የለውም፤ ትእዛዙ ግን አያቋርጥም። ስለዚህ ሴሎቹን እያበዛ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህን እብጠት ነው።

«መልክ ከማበላሸት ሌላ ጉዳት የለውም።»

ትልቁ ጉዳት አንገት ላይ አይታይም። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለማይችል አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ያኔ የጎደለውን በኋላ መመለስ አይቻልም። እናቲቱ ደግሞ እንቅርት ሳይወጣባትም እጥረቱ ሊኖርባት ይችላል። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ሲበቃው ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋታል።

«ንቅሳት ያጠፋዋል።»

በእናቶቻችን አንገት ዙሪያ የምናየው ንቅሳት ከጌጥነቱ ሌላ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ቀለሙ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ዕጢው ከጡንቻ ሥር ነው፣ ትእዛዙም የሚደርሰው በደም ነው። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ግን የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

«ጨው ሁሉ ያው ጨው ነው።»

አይደለም። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚገዛ አሞሌም ሆነ ያልታሸገ የአፋር ጨው በተፈጥሮው በቂ አዮዲን የለውም፤ አዮዲኑ የሚጨመረው በፋብሪካ ነው። አገራችን ይህን በ2003 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ አስገድዳለች። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለው ጨው 5 ግራም፣ ማለትም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። ስለዚህ ሲገዙ እሽጉ ላይ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

ጥሩ ጨው ቤት ገብቶም ይበላሻል። ከረጢቱ ተከፍቶ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ እንፋሎቱ ያረጥበዋል፣ አዮዲኑም ይቀንሳል። ቆሻሻው ይውጣ ብሎ ማጠብ ደግሞ አዮዲኑን አብሮ ያወርደዋል። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጦ በደረቅ ማንኪያ መጨለፍ፣ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል መጨመር ነው። ከበርበሬ ጋር ተፈጭቶ ለወራት በቆየ ጨው ብቻ አይተማመኑ።

«እንግዲያው ጨው ማብዛት ነው።»

ይሄማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ የደም ግፊት ይጨመርበታል። ቋጠሮ የሠራ የቆየ እንቅርት ላይ ብዙ አዮዲን በድንገት ሲገባ ዕጢው ከልክ በላይ ሆርሞን ሊያመርት ይችላል፦ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። የቁስል አዮዲን ደግሞ መርዝ ስለሆነ በጭራሽ አይጠጣም።

«ጎመን የበላ እንቅርት ያወጣል።»

በቂ አዮዲን የሚያገኝ ሰው የበሰለ ጎመን መተው የለበትም።

«ከወጣ በኋላ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

የፒቱታሪን ትእዛዝ መጠን የሚለካ ቲ.ኤስ.ኤች የሚባል የደም ምርመራ አለ። እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ምግብ መዋጥ ካስቸገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።