አክስቴን ስኒ የነፈጋት ጨረር

ጅማ ውስጥ ራጅ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። አንድ ጥያቄ አንገሽግሾኛል፦ «የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ጨረሩን ያስተላልፋል ወይ?» በማሽን ከውጭ የወሰደ አያስተላልፍም። እዚህ ላይ ባቆምኩ ደስ ባለኝ፤ ግን የአክስቴ ነገር አላስቆመኝም።

አክስቴ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ ታክማ መጣች። ልጠይቃት ስሄድ ቡና ተፈልቷል። አቦሉ ለሁላችንም በስኒ ተቀዳ፤ ለእሷ ብቻ በፕላስቲክ ኩባያ። «ለልጆቹ ብለን ነው፤ ጨረር ወስዳለች» አለችኝ ምራቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የልጅ ልጇንም ከተመለሰች ጀምሮ አላሳቀፏትም። በሕክምናው ሁሉ ያላለቀሰች ሴት ለኩባያው አለቀሰች።

ሰው ጨረርን እንደ ዕጣን ጭስ ያስበዋል፤ ልብስና ፀጉር ላይ የሚቀር። የማሽን ጨረር ግን የኩራዙ ብርሃን እንጂ ጭሱ አይደለም። ኩራዙ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ የሚቀር ብርሃን የለም። ጨረሩ ከውጭ ይገባል፣ የካንሰሩን ሕዋስ ዲኤንኤ ይበጥሳል፣ በቃ። ለዚህ ሕክምና የሚውለው ሊኒያር አክስለሬተር የሚባለው ማሽን ደግሞ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ከሄደ ጨረሩም ይሄዳል።

አንድ የተለየ ነገር አለ፣ አልደብቅም። ለታይሮይድ (አንገት ላይ ላለው ዕጢ) አዮዲን 131 የሚባለውን ጨረር አመንጪ መድኃኒት የዋጠ ሰው ጨረሩ ውስጡ ነው። ለተወሰኑ ቀናት ከልጆችና ከነፍሰ ጡር ይራቅ፣ ለብቻው ይተኛ፣ ሽንት ቤት ውኃ ደጋግሞ ይልቀቅ። አዮዲኑ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብዙው ደግሞ ቀድሞ በሽንት ይወጣል። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጎረቤት አትጠይቁ!

«ጨረር የነካው ዕቃ ይመርዛል» ለሚሉ፦ አንዴ ተወግቶ ከሚጣለው መርፌ አንዳንዱ ከነማሸጊያው በጋማ ጨረር ነው ከጀርም የሚጸዳው። ሳታውቁት ተወግታችሁበት ይሆናል።

«ጨረር ለፋብሪካ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉ፦ የተበየደ ቧንቧ ውስጡ ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ በዓይን አይለይም፤ በጋማ ጨረር ፊልም ይነሣል። የብረት ራጅ በሉት።

«ኑክሌር ማለት ቦምብ ነው» ለሚለው ቡናዬን አላቀዘቅዝም።

«ጨረር ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» ይሄ ከጅማ ሰው አፍ ሲወጣ ያናድደኛል። አዲስ አበባ ስንሄድ ጊቤን እንሻገር የለ? በዚያ ቆላ ከብት የሚፈጀውን ገንዲ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ናት። ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር መካን ተደርገው ይለቀቃሉ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው ከወንድ ጋር የምትገናኘው፤ መካኑ ከቀደመ ዘር የለም። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ መንገድ ከዝንቡ ተገላግላለች። እኛም ቃሊቲ ላይ ዝንቡን አርብተን በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለቀናል።

ያን ቀን አክስቴ ቤት ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ማንም አልሰማኝም። ኩባያዋን ተቀብዬ የተረፋትን ቡና ጨለጥኩት። ቶናው ሲቀዳ ለእሷም በስኒ መጣላት።