«ይሄማ የዓድዋ ምርኮ ነው!» ስለ ድሮ የጦር ጠመንጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ስልኬን በፎቶ ሞልቶታል። ጠመንጃ ሊገዛ ነው። ሊተኩስበት ሳይሆን ለስብስብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የድሮ የጦር ጠመንጃ በገፍ ጭኖ ወስዶ ነበር፤ የጣሊያኖቹ ካርካኖና ቬተርሊ፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ እዚያ ለሰብሳቢ ይሸጣል። እሱም «ከአገሬ የሄደ አንድ ይኑረኝ» ብሎ ቆርጧል። ደስ ብሎኛል። ግን የሚጠይቀኝ ነገር ሁሉ እዚህ ደሴ ቡና ላይ ስንቀመጥ ከምሰማው ጋር አንድ ነው፤ የተሳሳተው ወሬ ባሕር ተሻግሮም አልተለወጠም። ስለዚህ ለእሱ የመለስኩለትን እዚህ ልጻፈው። አያቱ የተወለት ጠመንጃ ያለው ሰውም ይጠቅመው ይሆናል።

«የጣሊያን ጠመንጃ ከሆነ የዓድዋ ምርኮ ነው»

ይሄን ያልሰማ የወሎ ልጅ አለ? እኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ሲባል ኖሯል። የአያቴ ጠመንጃ ነው፤ ፈቃዱ አሁን በአጎቴ ስም ነው። አንድ ቀን አጎቴን አስፈቅጄ፣ ባዶ መሆኑን አይተን፣ በስልክ መብራት በርሜሉን ከሥሩ ጀምሬ አየሁት። አቧራና የደረቀ ቅባት ነበረበት። በጨርቅ ቀስ እያልኩ ስጠርገው መጀመሪያ ዘውድ ወጣ። ቀጥሎ «ቴርኒ» የሚል ጽሑፍ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያለበት የጣሊያን ከተማ ነው። ከዚያ 1917።

1917 በፈረንጅ ነው፤ ከዚህ በታችም የጠመንጃና የውጭ አገር ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ በፈረንጅ 1896 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ የተሠራ ጠመንጃ ዓድዋ ላይ ሊማረክ አይችልም። በዚያ ላይ የአያቴ ጠመንጃ ካርካኖ ነው፤ ካርካኖ በፈረንጅ 1891 የተመረጠ አዲስ ጠመንጃ ስለነበር፣ ዓድዋ ላይ የጣሊያን ጦር በብዛት የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ የተከማቸውን የድሮ ጥይት መጨረስ ፈልገው ነው። ስለዚህ የዓድዋ ወሬ ያለበት ጠመንጃ ስታገኙ መጀመሪያ ቬተርሊ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ዓመቱን ፈልጉ።

አጎቴ ሲሰማ ከፋው። እኔ ግን እንዲህ አልኩት፤ ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ፣ በሚያዝያ ገባ፣ አምስት ዓመት ኖረ። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም ኮምቦልቻ ላይ ተሸንፎ ደሴን ሲለቅ በሺዎች የሚቆጠር ወታደሩ ተማረከ። ወሎ ውስጥ ካርካኖ መገኘቱ ከዚያ ዘመን ጋር በደንብ ይገጥማል። ይሄ ታሪክ ከዓድዋ ያንሳል? ለእኔ አያንስም። የአገራችን የራሷ ቁስልና የራሷ ድል ነው።

ሌላ ምልክት ልጨምር። በፋሺስት ዘመን የተሠሩት ላይ ከዓመቱ ጋር የሮማ ቁጥር ይታያል። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት ነው። አሥራ አራትን የሚያሳይ የሮማ ቁጥር ካያችሁ 1935 መጨረሻ ወይም 1936 ማለት ነው።

«የድሮ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ነው»

አይደለም። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። መቀርቀሪያው አይዞርም፤ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ትመልሱታላችሁ። የ1895ቱ ላይ «ስቴየር» ወይም «ቡዳፔስት» የሚል ተጽፎበታል። ጣሊያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ማንሊከር አግኝታ ለአስካሪዎቿ፣ ማለት ለቅኝ ግዛት ወታደሮቿ፣ አስታጥቃለች፤ ወደ እኛ ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው።

ውጅግራ ደግሞ ሌላ ነው። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። የ1874 ሞዴል ነው፣ 11 ሚሊሜትር፣ ካዝና የለውም፣ አንድ አንድ ነው የሚጎርሰው። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ለበል የሚባል ጠመንጃ ስታመጣ ውጅግራ እዚያ አሮጌ ሆነ፣ ወደ እኛም መጣ። አስቡት፣ እነሱ የጣሉትን እኛ ገዝተን አገር ጠበቅንበት፤ ዛሬ ደግሞ ፈረንጅ መልሶ ከእኛ ይገዛል።

ስናድር እንግሊዝ ነው። በጎን በኩል የሚከፈት ክዳን አለው፣ ከኋላው መዶሻ አለ። የመጀመሪያ ዘመቻው የት እንደነበር ታውቃላችሁ? እዚሁ መቅደላ፣ በ1860 ዓ.ም። ቤልጅግ የቤልጅየም ሞዘር ነው። ከእነሱ መካከል ለአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተሠሩት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል፤ የአክስቴ ልጅ ልቡ የቆመው እሱ ላይ ነበር፣ ዋጋውን ሲያይ ተወው።

ሻጩ በጠራው ስም አትመኑ። መቀርቀሪያውን እዩ፣ ካዝናውን እዩ፣ ጽሑፉን አንብቡ።

«ጠርጎ፣ አሸቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ማሳመር ዋጋ ይጨምራል»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት ልጃቸው ሊያስደስታቸው ብሎ የአባታቸውን ውጅግራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ብረቱን እንደ ማንኪያ አብለጨለጨው። ልጁ በቅን ልብ ነው ያደረገው። ግን የፋብሪካው ማህተም ጠፋ። ቁጥሩ በግማሽ ጠፋ። ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ መስቀልና የሰው ስም ነበር፣ እሱም አብሮ ሄደ። የጠመንጃው የመቶ ዓመት ቆዳ ነው የተገፈፈው፤ ያንን የሚመልስ ገንዘብም ባለሙያም የለም። ሰብሳቢ እንደዚህ ያለውን ሲያይ ዋጋውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ልክም ነው።

የእኛ አገር ጠመንጃ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ሲሰነጠቅ በእርጥብ ጠፍር ጥምጥም አድርገው ያስሩት ነበር። ጠፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ብረት ይጨብጠዋል። ቆርቆሮ በሚስማር የተመታባቸውም አሉ። ይሄን «ጉድለት ነው» ብሎ ፈትቶ አዲስ እንጨት የሚገጥም ሰው የሚጥለው የጠመንጃውን የኢትዮጵያ ዘመን ነው። አትንኩት!

ታዲያ ምን ይደረግ? ብረቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ስስ ዘይት መቀባት። እንጨቱ በጣም ከደረቀ በጣት ጫፍ ትንሽ የተልባ ዘይት። በቃ።

«ቁጥሩ ካልገጠመ ውድቅ ነው»

በየትኛው ጠመንጃ ላይ? ለበል ወይም ውጅግራ ከሆነ የመቀርቀሪያውና የበርሜሉ ቁጥር መግጠሙ ትልቅ ነገር ነው። ካርካኖ ግን መቀርቀሪያው ላይ ከፋብሪካው ቁጥር አይመታበትም። የአክስቴ ልጅ «መቀርቀሪያው ቁጥር የለውም፣ ተቀይሯል ማለት ነው» ብሎ አንድ ጥሩ ካርካኖ ሊተው ነበር። አብሽር፣ እንዲሁ ነው የተሠራው አልኩት። ሲቀጥል፣ በሦስት ትውልድ እጅ ያለፈ፣ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ጠመንጃ አንድ ሁለት ዕቃው ቢቀየር ምን ይገርማል።

«ካርካኖ የማይረባ ነው፣ ይፈነዳል» / «ካዝናው ተበላሽቷል»

የካርካኖ ብረት ጠንካራ ነው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በ1940 ቴርኒ የተሠራ ካርካኖ ነበር፤ በክፉ ሥራ ቢነሳም ጥይቱን ወደ ታለመበት እንደሚያደርስ ዓለም አይቶታል። መጥፎ ስሙ በከፊል የመጣው ከጥይቱ ልክ ነው፤ በርሜሉ ከሌሎች 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃዎች ትንሽ ሰፋ ያለ የጥይት እርሳስ ይፈልጋል፣ ሰዎች ቀጭኑን ያጎርሱና «ይስታል» ይላሉ።

ካዝናውም አልተበላሸም። ካርካኖ ስድስት ጥይት አንድ ላይ የሚይዝ ትንሽ የብረት ማቀፊያ፣ ክሊፕ የሚሉት፣ ይፈልጋል። ከነማቀፊያው ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ጥይቱ ሲያልቅ ማቀፊያው ከታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። እሱ ከጠፋ ካዝናው አይሠራም፤ ስለዚህ ስትገዙ ማቀፊያው አብሮ ይኑር።

«6.5 ጥይት ከገባበት ይተኮሳል»

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ ሲያጥራት የድሮ ቬተርሊዎችን በርሜል ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብታ የካርካኖን ጥይት እንዲጎርሱ አደረገች። ከእኛ አገር የሄዱት ውስጥም እንዲህ ያሉ አሉ። የጠመንጃው አካል ግን የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የካርካኖ ጥይት ግፊት ይከብደዋል። ጥይቱ ልክክ ብሎ መግባቱ አያታላችሁ። ለግድግዳ ግሩም ነው፣ ለመተኮስ ግን በፍጹም።

«የተሰቀለ ጠመንጃ ባዶ ነው» የሚለውም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ለበል ከበርሜሉ ሥር በተደበቀ ቱቦ ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ላዩን ብታዩ ምንም አይታይም። የድሮ ጠመንጃ ስትይዙ የጎረሰ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የማታውቁት ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው።

«በርሜሉ ውስጥ ከጠቆረ ጣሉት»

ለስብስብ ከሆነ አይጣልም። የድሮ ጥይት ሲተኮስ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይወጣም፣ በውሃ ነው የሚታጠበው። ጫካ ለጫካ የተዋጋ አርበኛ ሙቅ ውሃ ከየት ያመጣል? የጠቆረ በርሜል የሚጠበቅ ነው። ይልቅ ሰደፉ አንገቱ ላይ የተደበቀ ስንጥቅ እንዳለው፣ መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ እዩ።

«በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ቢቀመጥ አይዝግም»

የደሴን ጉም የሚያውቅ ሰው ይሄን ማለት የለበትም። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ስትወጡ መስኮቱ ላይ የሚያርፈው እርጥበት ማህደሩም ውስጥ ይገባል። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ብረቱ ላይ ይይዛል። ክረምት አልፎ ስትከፍቱት ዝገቱ በማህደሩ ቅርጽ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ፌስታልም ያው ነው። አየር በሚያገኝበት፣ በተቆለፈ ቦታ፣ ለብቻው ይቀመጥ፤ ማህደሩም ለብቻው።

«ድሮ ስለሆነ ፈቃድ አይጠይቅም»

ይሄ ወሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ውጅግራ ሲገዛና ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠራ ካርካኖ ሲገዛ ሕጉ አንድ አይደለም። ያ የእነሱ ሕግ ነው። እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ መያዝም መሸጥም መግዛትም ፈቃድ ይጠይቃል። «አያቴ ነው የተወልኝ» የሚለው ፈቃድ አይሆንም። ከወረሳችሁት ወደ ፖሊስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከአገር ላውጣው የሚልም ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም ጦርነት ተዘርፎብናል፤ በየቤቱ የቀረችው ዕቃ ትጠበቅ።

ትናንት ማታ አዲስ ፎቶ ላከልኝ። ካርካኖ ነው፣ እንደ አያቴው ረጅሙ። ሰደፉ አንገቱ ላይ በጠፍር ተጠምጥሟል፤ ጠፍሩ ጠቁሮ፣ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ብቻ ለስልሷል። ሻጩ «ጥገና ይፈልጋል» ብሎ ዋጋውን ቀንሶለታል። ግዛው አልኩት፣ ጠፍሩን ደግሞ እንዳትፈታው።